የኪስ ቦርሳዬን ሊበረብሩት ይችላሉ? ስለ ኤርፖርት ፍተሻና ስለ ግል ሚስጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የሚበር ሰው ከፍተሻ መስመሩ አያመልጥም። ቀበቶ ይፈታል፣ ኪስ ይራገፋል፣ ስልክና ቁልፍ ትሪ ላይ ይቀመጣል። የኪስ ቦርሳውም አብሮ ይሄዳል። ቦርሳው ውስጥ ግን ያለው ብር ብቻ አይደለም። የእድር ደረሰኝ አለ፣ የሐኪም ወረቀት አለ፣ የጠበቃ ካርድ አለ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ የመልአክ ስዕል አለ። የማያውቁት ሰው ይህን ሁሉ ሲያገላብጥ ማየት ደስ አይልም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የሚነሱት ናቸው። መልሱ በዋናነት የአሜሪካን አሠራር ይመለከታል። መጨረሻ አካባቢ ስለ ቦሌና ስለ ሌሎች አገሮች ትንሽ ተጨምሯል። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፈታሹ የኪስ ቦርሳዬን ከፍቶ ማየት ይችላል?

አዎ፣ ይችላል።

አሜሪካ ኤርፖርት ላይ በአብዛኛው የሚፈትሹት የቲኤስኤ፣ ማለትም የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኞች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ በኅዳር 2001 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ፍተሻው የአየር መንገዶቹ ጉዳይ ነበር፤ እነሱም የግል ኩባንያዎችን ይቀጥሩ ነበር።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ሰውንም ንብረትንም እንዳይበረብር ይከለክላል። ታዲያ ኤርፖርት ላይ ማንም ሳይጠረጠር እንዴት ሁሉም ይፈተሻል? ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ ይህ ነው። ፍተሻው ወንጀለኛ ለመያዝ አይደለም። ዓላማው መሣሪያና ፈንጂ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልገውም። ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን የተናገረው በ1973 ነው፤ የአውሮፕላን ጠለፋ በበዛበት ዘመን። ያው ውሳኔ ግን ገደብም አስቀምጧል። ፍተሻው ከዚያ ዓላማ ሊያልፍ አይገባም።

«የኪስ ቦርሳ ውስጥ ምን መሣሪያ ይገባል?» ይሉ ይሆናል። ይገባል። ልክ እንደ ባንክ ካርድ የምትታጠፍ ቢላ አለች፤ ፈታሾች በየጊዜው ያገኟታል። ምላጭም አለ። እንደ ወረቀት የሳሳ ፈንጂም አለ። ስለዚህ ፈታሹ ቦርሳውን ከፍቶ በካርዶቹ መካከል ቢያይ ሥራው ነው። በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ወረቀቶቼንስ ማንበብ ይችላል?

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው።

በወረቀቶቹ መካከል የተደበቀ ነገር እንዳለ ማየት አንድ ነገር ነው። የሐኪም ማዘዣውን አውጥቶ ማንበብ፣ የባንክ ደረሰኙን መቁጠር፣ ቼኩ የማን እንደሆነ መመርመር ሌላ ነገር ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል አውሮፕላን አይጥልም።

በ2010 ፊላደልፊያ ኤርፖርት ላይ የሆነው ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። የአንዲት መንገደኛ የኪስ ቦርሳ ተከፍቶ ደረሰኞቿና ቼኮቿ አንድ በአንድ ታዩ። ከዚያ ፖሊስ ተጠራ። ባለሥልጣናቱ ከባሏ ገንዘብ የምታሸሽ መስሏቸው ነበር፤ ባልየው ቤት ድረስ ተደወለ። እንግዲህ ባልና ሚስት መካከል ያለ የገንዘብ ጉዳይ ከበረራ ደህንነት ጋር ምን አገናኘው?

ፍርድ ቤትም ይህን መስመር አስምሯል። በ2009 ኦሃዮ ውስጥ ውሳኔ ያገኘ አንድ የወንጀል ክስ አለ። ፈታሾቹ የአንድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ፖስታዎች አግኝተው ከፈቱ። ውስጡ ሐሰተኛ ፓስፖርቶች ነበሩ። ዳኛው ግን ማስረጃውን አልቀበልም አሉ። መሣሪያም ፈንጂም እንደሌለ ከታወቀ በኋላ ፖስታ እየከፈቱ ወንጀል መፈለግ የኤርፖርት ፍተሻውን ዓላማ ይሻገራል ብለው ወሰኑ። ልብ ይበሉ፤ ሰውየው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ፍተሻው ከገደቡ ስላለፈ ነው።

ይህ ማለት ፈታሹ ዓይኑን ይጨፍናል ማለት አይደለም። ቢላ ሲፈልግ ዕፅ ካገኘ «አላየሁም» አይልም። ፖሊስ ይጠራል። ፎቶ የያዘ ፖስታ ውስጥ ሳሳ ያለ ፈንጂ እንዳለ ለማየት ፎቶዎቹን ማገላበጥም እንደሚፈቀድ በ2011 ከሃዋይ በተነሳ ጉዳይ ላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተናግሯል። ስለዚህ መስመሩ ቀጭን ነው። እውነቱን ለመናገር ፈታሹ ከማገላበጥ ወደ ማንበብ መቼ እንደተሻገረ ቆሞ ማስረዳት ከባድ ነው። በሕግ ጠባብ የሆነው ሥልጣን መስመሩ ላይ ሰፋ ይላል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይቻላል? በትሕትና «ይቅርታ፣ ወረቀቶቹን ማንበብ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሱፐርቫይዘር እንዲመጣ መጠየቅም ይቻላል። ቦርሳው በሰው ፊት እንዳይዘረገፍ ከፈለጉ ደግሞ በተለየ ክፍል እንዲፈተሽ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ መጠየቅ ጥፋት አይደለም። ድምፅ ከፍ ሲል ነው ነገር የሚበላሸው።

ደስ ካላለኝ «ተውት፣ አልበርም» ብዬ መመለስ እችላለሁ?

ወደ ፍተሻው ከመግባትዎ በፊት ከሆነ አዎ። እቃው ማሽኑ ላይ ከወጣ ወይም እርስዎ በብረት መመርመሪያው በር ካለፉ በኋላ ግን አይ። በ2007 ይኸው ዘጠነኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት በሙሉ ዳኞች ችሎት የወሰነው ይህን ነው። ከሆኖሉሉ የተነሳ ጉዳይ ነበር። የዳኞቹ ምክንያት ቀላል ነው። መመለስ ከተፈቀደ ክፉ ያሰበ ሰው እየሞከረ ሊመለስ ነው፤ አንድ ቀን ያልፋል። ፍተሻውን አቋርጦ የሚሄድ ሰው የገንዘብ ቅጣት ሊከተለው ይችላል።

ስለዚህ ሐሳብ መቀየር ያለበት ሰልፉ ላይ እያሉ ነው።

ብዙ ካሽ መያዝ ወንጀል ነው?

አይደለም። አገር ውስጥ በረራ ላይ የፈለጉትን ያህል ካሽ መያዝ ይችላሉ። መጠኑን ለማንም አያስመዘግቡም። ገንዘብ ቢላ አይደለም፣ ፈንጂም አይደለም።

ችግሩ ግን ማሽኑ ላይ ወፍራም የብር እስር ሲታይ ጥያቄ ይመጣል። በመጋቢት 2009 ሴንት ሉዊስ ኤርፖርት ላይ የአንድ የፖለቲካ ድርጅት ሠራተኛ 4,700 ዶላር በብረት ሣጥን ይዞ ተገኘ። ገንዘቡ ድርጅቱ ከስብሰባ የሰበሰበው ነበር። ለብቻው ክፍል ወስደው ይህን ገንዘብ ከየት አመጣኸው፣ የት ነው የምትሠራው እያሉ ወጠሩት። እሱ ደግሞ «የመመለስ ግዴታ አለብኝ ወይ?» እያለ መልሶ ይጠይቅ ነበር። ስልኩ ሁሉን እየቀዳ ነበር። የሲቪል መብቶች ኅብረቱ ኤሲኤልዩ ከሰሰ። በዚያው ዓመት ቲኤስኤ የውስጥ መመሪያውን አሻሻለ። ከበረራ ደህንነት ጋር ያልተያያዘ ወንጀል ለመፈለግ ፍተሻ እንደማይደረግ ጻፈ። ክሱም ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አላለቀም። በነሐሴ 2019 አንዲት ልጅ የአባቷን የዕድሜ ልክ ቁጠባ 82,373 ዶላር ይዛ ከፒትስበርግ ወደ ቦስተን ስትበር፣ ፈታሾቹ ብሩን አይተው ፖሊስ ጠሩ። አውሮፕላኑ በር ላይ ደግሞ የፌዴራል ፀረ ዕፅ ወኪል መጥቶ ገንዘቡን ወሰደ። ማንም በወንጀል አልተከሰሰም። አባትና ልጅ በጥር 2020 ከሰሱ። ብሩ የተመለሰው ከክሱ በኋላ ነው። ክስ ባያቀርቡስ?

በ2024 መጨረሻ ላይ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ አንድ ጉድ አወጣ። አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ በመጨረሻ ሰዓት ቲኬት የሚቆርጡ ሰዎችን ስም ለፀረ ዕፅ ወኪሎች እየሰጠ ከሚያዘው ገንዘብ ድርሻ ይቀበል ነበር። ለቅሶ ደርሶበት በማግስቱ የሚበር ስንት ሰው አለ! የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ወኪሎቹ በኤርፖርትና በአውቶቡስ ተራ ሰው እያስቆሙ «ልፈትሽህ?» ማለታቸውን እንዲያቆሙ በዚያው ወር አዘዘ።

ማስታወስ ያለብዎት ይህ ነው። የቲኤስኤ ፈታሽ ፖሊስ አይደለም። ማሰር አይችልም። ገንዘብዎን መውረስም አይችልም። መጥራት ግን ይችላል። ከፊትዎ የቆመው ማን እንደሆነ ይለዩ። ፖሊስ ከሆነ «መሄድ እችላለሁ ወይስ ተይዣለሁ?» ብለው ይጠይቁ። «ልፈትሽህ?» ብሎ ፈቃድ ከጠየቀ «አልፈቅድም» ማለት መብትዎ ነው።

10,000 ዶላር የሚባለው ገደብ ታዲያ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን «ከ10,000 በላይ መያዝ ክልክል ነው» ብሎ ይረዳዋል። ስህተት ነው። ከአሜሪካ ሲወጡም ሲገቡም ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘ ሰው ማስመዝገብ አለበት። በቃ። ቅጹ ፎርም 105 ይባላል። በኢንተርኔት አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ቀረጥ የለውም፣ ክፍያ የለውም። ሚሊዮን ዶላር ቢይዙም አስመዝግበው ይሄዳሉ። የሚያስጠይቀው ዝም ማለቱ ነው። ያልተመዘገበው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሊወረስ ይችላል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራት ሊጠብቀው ይችላል።

የእኛን ሰው የሚያጠምዱት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው አደራ ነው። «አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ይቺን ለእናቴ አድርሺልኝ።» አንዷ 1,000፣ ሌላው 2,000፣ የሰንበቴው ማኅበር 5,000። የራስዎ ደግሞ 4,000። ድምሩ 12,000 ሆነ። «የኔ እኮ 4,000 ብቻ ነው» ማለት አያድንም። የሚቆጠረው በእጅዎ ያለው ነው፤ የማንም ይሁን። ቅጹ ላይ ገንዘቡ የሌላ ሰው ከሆነ የሚገለጽበት ቦታ አለ።

ሁለተኛው ማካፈል ነው። ባል 8,000፣ ሚስት 8,000 ይዘው ለየብቻ «ከ10,000 በታች ነን» ማለት። አንድ ላይ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘብ በድምር ነው የሚታየው። ከምዝገባ ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ንጹሕ ገንዘብ በማይረባ ብልጠት ወንጀል ይሆናል።

ሦስተኛው እቁብ ነው። እቁብ በካሽ የወጣለት ሰው የባንክ ወረቀት የለውም። ጉምሩኩ «ከየት አመጣኸው?» ሲል ስለ እቁብ ማስረዳት ሊኖርብዎት ነው፤ ያውም አውሮፕላን ሊያመልጥ 20 ደቂቃ ሲቀረው። እቁቡ ሲወጣ ባንክ አስገብቶ፣ ለጉዞ ሲሆን ማውጣትና የወጣበትን ደረሰኝ መያዝ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። የእቁቡ ሰብሳቢ የፈረመበት ወረቀትም አይከፋም። ትራቨለርስ ቼክ የያዘ ካለ እሱም ከካሹ ጋር ይደመራል።

ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ማን ነው የሚጠይቀኝ?

ቲኤስኤን ካለፉ በኋላ፣ ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው ኮሪደር ላይ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መኮንኖች ሊቆሙ ይችላሉ። አንዳንዴ ብር የሚያሸት ውሻ ይዘው ነው። «ስንት ይዘሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ እንግዲህ ከፈታሹ ጥያቄ በጣም ይለያል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቁጥር መናገር ያስጠይቃል። በትክክል የማያውቁት ከሆነ «ልቁጠረው» ይበሉ። የረሱት አደራ ካለ ከመፈተሽዎ በፊት ያስታውሱት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚያዘው ዕድል ተሰጥቶት ያነሰ ቁጥር ከተናገረ ሰው ላይ ነው።

ድንበር ላይ መንግሥት ያለው ሥልጣን ከሌላው ቦታ ሁሉ ይሰፋል። ጉምሩኩ ያለ ምንም ጥርጣሬ ሻንጣዎን፣ ኪስዎን፣ የኪስ ቦርሳዎን መፈተሽ ይችላል። ሰነድ ማየትም ይችላል። ቅድም ስለ ፈታሹ የተባለው ገደብ እዚህ ብዙም አይረዳም።

ገንዘቤ ከተያዘ ምን ላድርግ?

ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ። የወሰደው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ይጻፉ፤ የመኮንኑንም ስም። «ገንዘቡ የኔ አይደለም» የሚል ወረቀት ሰጥተው ፈርምና ሂድ ቢሉዎት አይፈርሙ። በጭንቀት የተፈረመ ወረቀት በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ትልቅ እንቅፋት ነው።

በፌዴራል ሕግ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት በ60 ቀን ውስጥ የመያዣ ማስታወቂያ በፖስታ ይልካል። ደብዳቤው የመጨረሻ ቀን ይጽፋል፤ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 35 ቀን ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የይገባኛል ጥያቄ ካላቀረቡ ገንዘቡ በዝምታ ይወረሳል። አዲስ አበባ ሁለት ወር ሊቆዩ ከሆነ ፖስታዎን የሚያይ ሰው ይኑር። እንደ ወንጀል ክስ መንግሥት ጠበቃ አያቆምልዎትም። ስለዚህ ጠበቃ በጊዜ ይፈልጉ።

ስልኬንስ?

ቲኤስኤ የስልክን ውስጥ አይመለከትም። ስልኩን እንደ እቃ ያየዋል፤ እንዲያበሩት ሊጠይቅ ይችላል። መልእክትና ፎቶ ማንበብ ሥራው አይደለም።

ጉምሩኩ ግን ይችላል። በጥር 2018 የወጣ መመሪያ አለው። በእጅ የሚደረገው ፍተሻ ጥርጣሬ አይፈልግም። በመሣሪያ ገልብጦ ለመውሰድ ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። የሚያዩትም ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውን መክፈት የለባቸውም። በ2024 የበጀት ዓመት 47,000 ያህል ስልክና ኮምፒውተር ተፈትሿል። ከመንገደኛው ብዛት አንጻር ትንሽ ነው። የይለፍ ቃል አልሰጥም ያለ ዜጋ ስልኩ ሊያዝበት ይችላል እንጂ አገሩ ከመግባት አይከለከልም። በቪዛ የመጣ ሰው ግን ሊመለስ ይችላል።

ስካነሩ ምን ያህል ያሳያል? ክታብና ነጠላስ?

እጅ አንስተው የሚቆሙበት ማሽን ሚሊሜትር ሞገድ ይጠቀማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራቁት ገላ የሚያሳዩ የኤክስሬይ ማሽኖች ነበሩ። ጩኸቱ ሲበዛ በ2013 ከኤርፖርቶች ወጡ። አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የሰው ቅርጽ ነው፤ እንግዳ ነገር ያለበት ቦታ ላይ ሣጥን ይሳላል። ማሽኑ ብረት አይመርጥም። ኪስ ውስጥ የተረሳ ሶፍት፣ የታጠፈ ወረቀት፣ የኪስ ቦርሳ ሁሉ ምልክት ያመጣል። «ኪስህን ሙሉ በሙሉ አራግፍ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ክታብ ያሰረ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። በቆዳ የተሰፋ ክታብ ስካነሩ ላይ ይታያል። ፈታሹ ይነካዋል፣ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። «የሃይማኖት ነገር ነው» ማለት ይበቃል። እንዲከፈት ካልፈለጉ ለብቻ ክፍል ይጠይቁ፤ በጨርቅ ጠርገው በፈንጂ መመርመሪያ ያዩታል። ነጠላ ወይም ሻሽ ያሰረች ሴት ደግሞ በሰው ፊት ማውለቅ የለባትም። በራሷ እጅ ራሷን ዳብሳ እጇ ላይ የፈንጂ ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ ትችላለች። በእጅ የሚደረግ ፍተሻ በተመሳሳይ ፆታ ሠራተኛ ነው የሚደረገው።

ያ የጨርቅ ምርመራ አንዳንዴ በከንቱ ይጮሃል። ግሊሰሪን ያለው የእጅ ቅባት ሊያስጮኸው ይችላል። አይደንግጡ።

ጸበል ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። በርበሬና ሽሮ ወደ አሜሪካ ሲመጡ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ከያዙ ተጨማሪ ፍተሻ አለው። የተጫነ ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፤ ግልግል ነው።

መታወቂያ ሳሳይ ፎቶ የሚያነሳኝ ካሜራ ግዴታ ነው?

አይደለም። «ፎቶ አልፈልግም» ይበሉ፤ ሠራተኛው መታወቂያውን በዓይኑ አይቶ ያሳልፍዎታል። ቦታዎን አያጡም። ይህን የሚናገር ጽሑፍ እዚያው ተለጥፏል፤ ግን ማን ያነበዋል! ለአገር ውስጥ በረራ ፓስፖርት፣ የኢትዮጵያም ቢሆን፣ መታወቂያ ሆኖ ያገለግላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ካርዱን ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ አለበት።

ቦርሳዬ ትሪው ላይ እያለ ብር ቢጠፋስ?

ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2023 ማያሚ ኤርፖርት ላይ ፈታሾች ከመንገደኛ ቦርሳ ብር ሲያወጡ በካሜራ ተይዘው ታስረዋል። ቪዲዮውን ዓለም አይቶታል። አብዛኛው ፈታሽ እንዲህ አይደለም። ቢሆንም ጥንቃቄው ቀላል ነው።

የኪስ ቦርሳውን ትሪ ላይ ለብቻው አያጋልጡት። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያስገቡት፣ ዚፑን ይዝጉት። ሻንጣው ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ሳያዩ ወደ ስካነሩ አይሂዱ። ለተጨማሪ ፍተሻ ከተጠሩ «ሻንጣዬን ማየት እፈልጋለሁ» ይበሉ። ፈታሹ ቦርሳውን ከከፈተ ዓይንዎን አይንቀሉ። የካርድዎ ቁጥር ግን አያሳስብዎት፤ ኤክስሬዩ የካርድ መረጃ አያነብም።

ፍተሻውን መቅረጽም ይቻላል። ሥራ እስካላደናቀፉና የማሽኖቹን ስክሪን እስካልቀረጹ ድረስ ቲኤስኤ አይከለክልም።

ሳንቲም ትሪ ላይ ረስቶ የሚሄደውስ? በ2019 የበጀት ዓመት ብቻ መንገደኞች 926,030 ዶላር ከ44 ሳንቲም ጥለው ሄደዋል። ባለቤቱ ካልመጣ ቲኤስኤ ለሥራው ይጠቀምበታል፤ ሕጉ ፈቅዶለታል።

ቦሌ ላይና በሌሎች አገሮችስ?

ቦሌ ላይ ፍተሻው ከተርሚናሉ በር ይጀምራል። ወደ አውሮፕላን ከመግባትዎ በፊት እንደገና አለ። ወደ አሜሪካ የሚበር ደግሞ ተጨማሪ ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ሲደነግግ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር መጠበቅንም ይጨምራል። ይህን መብት መገደብ የሚቻለው በዝርዝር ሕግ፣ ለምሳሌ ለአገር ደህንነት ሲባል ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ፍተሻ መስመር ላይ ግን አንቀጽ የሚጠቅስ ሰው እስካሁን ብዙም አይታይም።

ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባና ስለሚወጣ ብርና የውጭ ምንዛሪ ብሔራዊ ባንክ መጠኑን በመመሪያ ደጋግሞ ቀይሮታል። ባለፈው ዓመት የተጓዘ ሰው በነገረዎት ቁጥር አይሂዱ፤ የሰሞኑን ከጉምሩክ ኮሚሽን ያረጋግጡ።

የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ላይ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይመዘገባል። በአየር ወደ እስራኤል የሚገባ ከ50,000 ሸቀል ጀምሮ ያስመዘግባል። ኤምሬትስና ሳዑዲ ዓረቢያ ገደባቸው 60,000 ነው፤ አንዱ በድርሃም፣ ሌላው በሪያል። ከገልፍ ዓመታት የለፉበትን ይዘው የሚመለሱ እህቶቻችን ወርቁንም ይጠይቁ፤ ጌጣጌጥም በእነዚህ አገሮች የምዝገባ ሕግ ውስጥ ይገባል።

በደል ቢደርስብኝ የት ልክሰስ?

መጀመሪያ እዚያው ሱፐርቫይዘር ይጥሩ። ሰዓቱን፣ የመስመሩን ቁጥርና የሠራተኛውን ስም ይጻፉ። የካሜራ ቅጂ ለዘላለም አይቀመጥም፤ እንዲጠበቅልዎ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይጠይቁ። በየጉዞው ያለ ምክንያት የሚያስቆሙዎት ከሆነና ቦርዲንግ ፓስዎ ላይ አራት ጊዜ ኤስ የሚል ፊደል የሚደጋገም ከሆነ፣ ለአገር ደህንነት መሥሪያ ቤቱ አቤት ብለው የማስተካከያ ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ቲኬት ሲቆርጡ ያን ቁጥር ያስገባሉ። ስማቸው ከሌላ ሰው ጋር ለሚመሳሰል ሰዎች ይጠቅማል። የእኛ ስም ደግሞ የአባት ስም እየተከተለው ስለሚሄድ መመሳሰሉ አይቀርም።

ንብረት ከጠፋ ወይም ከተሰበረ፣ ወይም ፈታሽ እጁን ያለ አግባብ ካነሳ፣ የካሣ ጥያቄ ይቀርባል። በ2019 ፊላደልፊያ ያለው ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈታሾች ሆን ብለው ለሚያደርሱት በደል መንግሥትን መክሰስ እንደሚቻል ወስኗል፤ ሌሎች ፍርድ ቤቶችም ተከትለዋል። ጥያቄው በሁለት ዓመት ውስጥ ፎርም 95 በተባለ ቅጽ ለቲኤስኤ መቅረብ አለበት። ቅጹ ላይ የሚጠይቁትን የገንዘብ መጠን በቁጥር ይጻፉ። «ተገቢው ይከፈለኝ» ብለው ካለፉት ማመልከቻው እንዳልቀረበ ይቆጠራል።